ስሙ ያልታወቀው የእትዬ ዘሀራ ዛፍ

የፀጉር ቤት መስታወት ለምን የተሰቀለ ይመስላችኋል? ሰው ፊቱን እንዲያይበት? ተሳስታችኋል። እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ ዋናው አስፋልት ዳር፣ ስንት ዓመት ፀጉር ስቆርጥ እንደታዘብኩት፣ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው የራሱን ፊት የሚያየው ለአፍታ ነው። ከዚያ ዓይኑ ትከሻውን አልፎ ወደ ውጭ ይሄዳል። ማን ከባጃጅ ወረደ? ማን ከማን ጋር ቆሞ ያወራል? ያቺ ሴትዮ ዓሣውን ከየት ገዝታው ነው እንዲህ የከበደው? ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ መንገዱን በሙሉ ያያል። እኔም ከኋላው ቆሜ አብሬው አያለሁ። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው።

የእትዬ ዘሀራን ዛፍ አበባ መጀመሪያ ያየነውም በመስታወት ውስጥ ነው። ጥቅምት ላይ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት በሚቆረጥምበት ጊዜ። አንድ ደንበኛዬ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሹ እንደቀረ፣ ማዶ ያለው ዛፍ አበባ አወጣ እንዴ አለኝ። የለም፣ እሱ አበባ የሚባል አያውቅም አልኩት። ኧረ አውጥቷል አለ። ዞርኩ። ማሽኑን ከሰውዬው ራስ ላይ ሳላነሳ ነው የዞርኩት። ከጆሮው እስከ ማጅራቱ ድረስ መንገድ ወጣበት። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ሌላ ጋ ነው የሚቆረጠው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ግን ደግሞ አበባው እውነት ነበር።

አንድ ዛፍ አበበ ብሎ ይሄን ያህል ማበድ ምን ይሉታል ትሉ ይሆናል። ታገሱኝ። እትዬ ዘሀራ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ያለው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ይማም፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። አንድ ቀን ከረጅም መንገድ ሲመለሱ፣ ጋቢና ውስጥ፣ ረዳቱ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ አንድ ችግኝ አስቀምጠው መጡ። ረዳቱን ከላይ ጭነቱ ላይ ሰቅለውታል። ችግኙን ከግቢው ጥግ፣ ወደ መንገዱ በኩል ተከሉት። እትዬ ዘሀራ ምንድነው ይሄ ብለው ጠየቁ። «ሲያብብ ራሱ ይነግርሻል» አሏቸው።

ጋሽ ይማም እንዲህ ነበሩ። ሰው ማጓጓት ይወዳሉ። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አንድ የመንገድ ጨዋታ ይጀምሩላችኋል፣ ልክ ሽፍታው ከገደሉ ብቅ ሲል ፀጉራቸው ያልቃል፣ ከዚያ አመስግነው ውልቅ። ቀሪውን ለመስማት ፀጉራቸው እስኪያድግ መጠበቅ ነው። የዛፉንም ነገር ጠይቄያቸው ነበር። ምላጭ ጉሮሯቸው ላይ አድርጌ ነው የጠየቅኳቸው፣ ሌላ ሰው ቢሆን የሆዱን ሁሉ ይዘከዝክልኝ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። ከዚያ ታመሙ። ዛፉ ትከሻቸው ጋ ሳይደርስ ሄዱ።

ዛፉ አደገ። ረዘመ፣ ተንዠረገገ፣ ለመንገደኛ ጥላ ሰጠ። አበባ ግን የለም። እትዬ ዘሀራ ጠዋት ጠዋት ወጥተው ቀና ብለው ያዩታል፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይገባሉ። ሰፈሩ ሁሉ ምን እንደሚጠብቁ ያውቃል። ባላቸው ቀጥረዋቸው የሄዱትን ነገር ነው የሚጠብቁት። አንጀት ይበላል እኮ፣ ሰው ሲቀጥር ከራሱ ጋር ነው የሚቀጥር፣ እሳቸው በዛፍ ቀጠሩ።

እንግዲህ ያን ቀን ማሽኔን እንደያዝኩ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ግማሽ ራሱ የተቆረጠው ደንበኛዬም ጨርቁን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ተከተለኝ። እትዬ ዘሀራ ዛፉ ሥር ቆመዋል። እንባቸው ይወርዳል፣ አልደበቁትም። «አበበ እኮ ጌቴ፣» አሉኝ፣ «ምን አለ ታዲያ?»

ምን ይላል? ዝም ነው። ዛፍ አይደል እንዴ?

ግን እስቲ ቀረብ ብለን እንየው ተባባልን። አበባው ትንንሽ ነው፣ ነጣ ብሎ ወደ ቅቤ ቀለም ይሄዳል፣ ከየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ በዘለላ በዘለላ ተከማችቷል። እያንዳንዷ አበባ አምስት ቅጠል አላት። ዘለላውን የያዘው ቀንበጥ ቡናማ ፀጉር ለብሷል፣ ብርዱን ፈርቶ ጋቢ የደረበ ነው የሚመስለው። ሽታው ጣፋጭ ነው፣ ንቡን አሳብዶታል። የዛፉ ቅጠል ደግሞ ረጅም፣ ጠንካራ፣ ዳር ዳሩ መጋዝ የመሰለ፣ ከላይ የሚያብለጨልጭ፣ ከሥር ሲዳስሱት ለስላሳ ፀጉር ያለው። ይሄንን ሁሉ ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በመስታወት ሳየው ቅጠሉን እንኳ አላውቀውም ነበር።

ቀትር ሳይሆን ግቢው ሞላ። የእኛን ከተማ ሰው ታውቁት የለ? ስም የሚያጣለት ነገር የለም። ከሐይቁ የተመለሰ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ትከሻው ላይ እንደጣለ ገባና ዶቅማ ነው አለ። አንድ ገበሬ ዋንዛ ነው፣ ዋንዛ ካልሆነ ከዛሬ ጀምሮ ገበሬ አትበሉኝ አለ። ሌላው ቅጠሉን አይቶ ማንጎ ነው አለ። አንዱ ደግሞ የፈረንጅ ባሕር ዛፍ አለ፣ እሱን ዝም አልነው። ሁሉም ይምላል። ሁሉም አያቱ ቤት አንድ እንደዚህ ያለ ነበረ።

እትዬ ዘሀራ ግን በዋዛ የሚታለሉ አይደሉም። ዋንዛ ሥር ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ አሉ፣ የዋንዛ ቅጠል ሰፊ ነው፣ አበባውም ሰፋ ብሎ ነጭ፣ ሲረግፍ መሬቱን የሚያለብስ። የዶቅማ ቅጠል ደግሞ ልሙጥ ነው፣ መጋዝ የለውም። የማንጎን ነገር ሊፈትኑ ቅጠል ቀጥፈው በመዳፋቸው ጨፈለቁና አሸተቱ፣ ከዚያ እኔንም አስሸተቱኝ። ማንጎ ማንጎ አይልም። በዚህ አኳኋን የመጣውን ስም ሁሉ አንድ በአንድ መለሱት። ምንድነው ላለ አያውቁም፣ ምን እንዳልሆነ ግን አሳምረው ያውቃሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከያዘኝ እንቅልፍ የለኝም፣ ያ ሰሞን የስንቱን ሰው ጢም አጣምሜ እንደላጨሁ አላህና እመቤቴ ይወቁት።

አሁን ወደ ሰይድ እንምጣ። ሰይድ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ነው፣ ሞባይል ይጠግናል። ክፉ ልጅ አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ፣ ጨዋ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ግን የሚሠራው የሰው ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ቀና ቢል ራሱ በሚመታው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከእናቱ ግቢ ደግሞ ለሱቅ የሚሆነው ያ የመንገዱ ጥግ ብቻ ነው፣ ከኋላ ያለውን ቤቱ ሞልቶታል። ጥጉ ላይ ያለው ማነው? ዛፉ። ቆርቆሮና እንጨቱን ገዝቶ አጥሩ ላይ ካስደገፈ ቆይቷል፣ እናቱ አይሆንም ይሉታል። ዛፉ ሲያብብና ሰው እየመጣ ሲያደንቅ ሰይድ ነገሩ ከእጁ እየወጣ መሆኑ ገባው። አበባ አያበላም እማ፣ በዚህ ሳምንት ልቁረጠው አላቸው።

እትዬ ዘሀራ አልተቆጡም፣ አልተሳደቡም። የልጃቸውን ምሳ በሌላ ሳህን ለይተው አቀረቡለት። ወሎ ውስጥ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ላልገባው ልንገረው፤ ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት ካቆሙ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ሰይድ ያንን ሳህን አይቶ ሳይበላ ወጣ። በማግስቱ ሽማግሌ ተጠራ።

ሽማግሌዎቹ ሸህ ኡመርና መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ሸህ ኡመር የሰፈሩ አባት ናቸው፣ መሪጌታ ደግሞ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ወረድ ብለው ከተማ የሚኖሩ የዜማ መምህር። ጠብ ሲኖር ሁለቱም አብረው ካልተቀመጡ እርቁ አይጸናም፣ ልማዳችን ነው። ወንበር ወጣ፣ የት ይቀመጡ? ጥላ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ተከሳሹ ሥር ተቀመጡ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ተገኘሁ። ጠርቶኝ የነበረ ሰው የለም።

ሰይድ ተናገረ፣ እትዬ ዘሀራ ተናገሩ። ሸህ ኡመር ሁሉንም ሰምተው ጢማቸውን ዳሰሱና፣ መልካም፣ መጀመሪያ የተከሳሹ ስም ይነገር አሉ። ልማዳቸው ነው፣ ስም ሳይጠሩ ነገር አይጀምሩም።  ከዚያ ዋንዛም፣ ዶቅማም፣ ማንጎም ከየአቅጣጫው መጣ፣ ግርግር ሆነ። ሸህ ኡመር እጃቸውን አነሱ። ስሙን የማናውቀው ተከሳሽ ላይ እንዴት ነው የምንፈርደው አሉ። መድኃኒት ይሁን መርዝ፣ የሚበላ ይሁን የማይበላ ሳናውቅ ቁረጥ ብንል ነገ አላህ ይጠይቀናል።

መሪጌታ አሰብ አደረጉና አንድ ነገር ጨመሩ። ለፍርድ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል አሉ። ይሄ ዛፍ አንዱን ምስክር አቅርቧል፣ አበባውን። ሁለተኛው ምስክር ፍሬው ነው፣ እሱ ደግሞ ገና አልመጣም። በአንድ ምስክር ቃል ስም አንሰጥም።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። የዛፉ ስም በአበባውም በፍሬውም ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ ማንም አይነካውም። ስሙ በታወቀ ቀን ግን ሰይድ ይቁረጥ፣ ልጅ እንጀራውን ሊያበስል ነው፣ እናትም ላትከለክል። ሁለቱም መርሃባ፣ ይሁን አሉ። ቃል ተሰጠ፣ ተመረቀ፣ አሚን ተባለ።

እኔ አሚን ብዬ ወደ ሱቄ ስመለስ አስፋልቱ መሀል ላይ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ባጃጅ ሊገጨኝ ለጥቂት። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳደረጉ አያችሁልኝ? እትዬ ዘሀራ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ይማም ምን እንደተከሉላቸው ማወቅ። ሁለተኛው ዛፉ ቆሞ ማየት። አሁን አንዱን ካገኙ አንዱን ሊያጡ ነው። ስሙን ካወቁ ዛፉ ይቆረጣል፣ ዛፉ ይኑር ካሉ ስሙን ሳያውቁ ይሞታሉ። ሰይድ ደግሞ በዕድሜው አንድ ቀን ቀና ብሎ ያላየውን ዛፍ ማንነት ፈልጎ ማግኘት አለበት። መጥረቢያውን ለማንሳት መጀመሪያ ምሁር መሆን ሊኖርበት ነው።

ጀመረ። በስልኩ ፎቶ እያነሳ ስም የሚናገር ነገር ጫነ። ቅጠሉን አነሳው፣ ስልኩ አንድ ስም ሰጠው። አበባውን አነሳው፣ ሌላ ስም ሰጠው። ግንዱን ሲያነሳው ሦስተኛ ስም አመጣ፣ ሁሉም በላቲን ነው፣ ሁሉም እርግጠኛ ነው። ልክ የኛ ከተማ ሰው ነው የሆነ። እስቲ ልፈትነው አለና ወደ እኔ መጥቶ መስኮቴ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ጽጌረዳ አነሳት። ስልኩ የጽጌረዳዋን ዘር ማንዘር ቆጠረለት፣ ውኃም እንዳይጠማት አደራ አለው። ሰይድ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ከአበባው አንድ ዘለላ ከነቅጠሉ ቆርጦ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለና በእግሩ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሄደ። መሪጌታ ናቸው የላኩት፣ እዚያ የጥንት ዛፍ አለ፣ ከዚያ ውስጥ የሚመስለውን አታጣም ብለውት። ቅጠሉን ይዞ ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ሲያስተያይ ዋለ። የሚመሳሰል የለም። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ወጥተው ዘለላውን ተቀበሉት፣ አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ እንዲህ ያለ እዚህ የለንም ልጄ አሉት። የማያውቁትን አላውቅም ያሉ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ከዚያ ከቀሚሳቸው ውስጥ አሮጌ ስልክ አወጡ፣ ይሄስ ድምፁ ጠፍቶብኛል፣ ምን ትለዋለህ አሉት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጠገነላቸው። ምርቃት ተቀብሎ፣ ስም ሳያገኝ መጣ።

እናቱ በነጋ በጠባ ዛሬስ ምን ተገኘ ይሉታል። አንድ ስም ሲያመጣላቸው መጀመሪያ ዓይናቸው ይበራል፣ ወዲያው ደግሞ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ስሙን ለመጣል ምክንያት ይፈልጉለታል። አበባው አምስት ቅጠል የለውም፣ የቅጠሉ ሥር ፀጉር የለውም ይሉታል። ሁልጊዜም ልክ ናቸው። ሰይድ አይከራከርም፣ ተመልሶ ዛፉን ሊያይ ይወጣል። ሳህኑ ግን እንደተለየ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አበባው ረገፈ። ሰይድ ሲደነግጥ ያየሁት ያኔ ነው። እየሮጠ መጥቶ፣ ጌቴ፣ ሁለተኛው ምስክር ሳይመጣ አንደኛው ሞተ አለኝ። አብረን ሄደን አየን። አብዛኛው ረግፏል፣ እዚህም እዚያም ግን አተር የምታክል አረንጓዴ ነገር፣ ፀጉር ለብሳ፣ ዘለላው ላይ ቀርታለች። ሰይድ ወፉ ሁሉ እስኪሸሽ ድረስ በደስታ ጮኸ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃ ማጠጣት ጀመረ። ልጁ የራሱን ጫማ ሲያጥብ አይቼው አላውቅም፣ ባልዲ ተሸክሞ ሲመላለስ በመስታወት አየዋለሁ።

ወፍ ጠላቱ ሆነ። የመኝታ አጎበሩን ከአልጋው ላይ አንስቶ ዋናውን ቅርንጫፍ አለበሰው። እሱ ራሱ የሐይቁ ትንኝ እየበላው፣ ስልክ እየፈታ እጁን ያካል። ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ሲያድግ ወንበሬ ላይ ይቀመጥና ፎቶ ያሳየኛል። ይሄ የመንገዱ ዘለላ ነው፣ ይሄ የምሥራቁ፣ ይሄ ሰነፉ። አየህ ጌቴ፣ ፍሬው ከሥሩ ላይ የአበባውን ድርቆሽ እንደ ኮከብ ይዞ ቀርቷል፣ ኮክ እንዲህ የለውም፣ ዘይቱንም ቢሆን ቅጠሉ ሌላ ነው። እንዲህ እያለ ፀጉሩን ከቆረጥኩለት በኋላም አይነሳም። የአባቱ ልጅ መሆኑን ያኔ አመንኩ፣ ልዩነቱ አባቱ ጨዋታ ሳይጨርሱ መነሳታቸው ነው።

መጋቢት ላይ በአምባሰል ተራሮች በኩል ጥቁር ደመና መጣ። እኩለ ቀን ነበር፣ መንገደኛው ሁሉ እየሮጠ ሱቄ ገባ። በረዶው ወረደ፣ እንቁላል የሚያክል ባልልም ሽምብራን ያስንቃል። በመስታወት ስመለከት ዛፉ ሥር ሰው ቆሟል። ሰይድ ነው። ባዶ ራሱን በርሜል ላይ ወጥቶ፣ ሸራ በሁለት እጁ ዘርግቶ ቅርንጫፉን ከልሎታል። በረዶው ራሱን ይቀጠቅጠዋል። አንተ ሰው፣ ጨርቅህን ጥለሃል እንዴ፣ ግባ አልኩት ከበሩ ላይ። «ለምርመራ ነው!» አለኝ። እናቱ በራቸው ላይ ቆመው ያዩታል።  ማታ የቀረበው ትሪ አንድ ነበር፣ ይሄንን የነገረኝ ሰይድ ነው።

ሚያዝያ ላይ ፍሬው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካን ቀለም ሄደ። ሁለተኛው ምስክር ቀረበ። ውጫሌ ላይ አንዲት የፍራፍሬ ባለሙያ አለች፣ የማታውቀው ተክል የለም ተባለ። ሰይድ መጽሐፍ ውስጥ ያደረቀውን አበባ፣ ቅጠሉንና የበሰለ ፍሬ በጎድጓዳ ሳህን ይዞ ሚኒባስ ተሳፈረ። እኔስ? እኔማ እንዴት ልቀር። ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

ባለሙያዋ ቀልጠፍ ያለች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። አበባውን ውኃ ውስጥ ነክራ ዘረጋችው፣ አምስት ቅጠል ቆጠረች። ፍሬውን በቢላ ሰነጠቀችው። ውስጡ ውኃ ያዘለ ሥጋ ነው፣ መሀሉ ላይ ትልልቅ፣ ቡናማ፣ ተወልውሎ የተቀባ የሚመስል ዘር አለ። ከሥሩ ያለውን ኮከብ በቢላዋ ጫፍ አሳየችን። ይሄ የአፕል ዘመድ ነው፣ ሲርቅ ደግሞ የጽጌረዳ ዘመድ ነው አለችን። ከዚያ ስሙን ነገረችን። አጭር ስም ነው። ከየት አገር እንደመጣ፣ አዲስ አበባ የድሮ ግቢዎች ውስጥ እንደሚገኝ፣ በየዓመቱ እንደሚያፈራ አስረዳችን። ያን ሁሉ ወር የተሰቃየንበት ነገር ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀባትም።

ያ በረዶ እዚህም ብዙ ፍሬ አርግፏል፣ ያንተ እንዴት ተረፈ ብላ ጠየቀችው። ሸራውን፣ አጎበሩን፣ ባልዲውን ነገራት። በጣም ነው የምትወደው ማለት ነው አለችው። ሰይድ አቀረቀረ። ልቆርጠው ነው የመጣሁት ሊላት አልቻለም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሰይድ የተረፈችውን ፍሬ ለሁለት ከፍሎ ሰጠኝ። ጣፋጭ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ይኮመጥጣል። እኔ ስሙ አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ይገላበጣል። ከሐይቅ መግቢያ ጀምሮ ለማን መጀመሪያ እንደምነግር እያሰብኩ ነበር።

ግቢው ሰው በሰው ሆኖ ጠበቀን። ሸህ ኡመርና መሪጌታ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። እትዬ ዘሀራ ንጹሕ ለብሰዋል። ከፊታቸው መሬት ላይ ምሳር አለ። ራሳቸው ናቸው አስለው ያመጡት። ሸህ ኡመር ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እሳቸው ቀደሙ።

«ንገረኝ ልጄ። ይማም ምን ተክሎልኝ እንደሄደ ልወቅና፣ ከዚያ ቁረጠው። ቃሌ ቃል ነው።»

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።  ሰይድ ምሳሩን አየ፣ ዛፉን አየ፣ እናቱን አየ።

«አልታወቀም እማ» አለ።

ምን? እኔ በጆሮዬ አላመንኩም። መሪጌታ ባለሙያዋስ አሉት። አይታዋለች፣ ግን አላወቀችውም አለ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ሸህ ኡመር፣ ጌታቸው፣ አንተ አብረህ ነበርክ አሉኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ዕድሜዬን ሁሉ የሰማሁትን ሳልናገር ያደርኩበት ቀን የለም። የዚህች ከተማ ወሬ ሁሉ በእኔ ማሽን ሥር ነው የሚያልፈው። ሰይድን አየሁት። በረዶው የመታው ግንባሩ ላይ ጠባሳው ገና አልጠፋም። እኔ ውጭ ቆሜ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም አልኩ።

ሸህ ኡመር ለትንሽ ነገር እንኳ ወላሂ በል ሳይሉ የማያልፉ ሰው ናቸው። ያን ቀን አላሉም። ሰይድን ትክ ብለው አዩት፣ ከዚያ መሪጌታን አዩ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ እንግዲያው ውሳኔው እንደጸና ነው፣ ስሙ እስኪታወቅ አይነካም አሉ። አሚን ተባለ። ከዚህ በፊት እንደዚያ ጮክ ብሎ የተባለ አሚን አልሰማሁም።

ሰይድ ምሳሩን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወደ እናቱ ጆሮ ተጠጋና አንዲት ነገር ሹክ አላቸው። እትዬ ዘሀራ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያለቅሳሉ ስል ይስቃሉ፣ ይስቃሉ ስል ያለቅሳሉ። ቀና ብለው ዛፉን አዩና፣ ቀስ ብለው፣ «ይቺን ለመናገር ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ያስጠበቀኝ?» አሉ።

ሱቁ ተሠራ፣ ጠበብ ብሎ። ግንዱ በአንድ ጥጉ ገብቶ በጣሪያው ይወጣል፣ ዝናብ ሲዘንብ ያፈሳል፣ ሰይድ ስልክ በጎማ ጫማ ነው የሚጠግነው።

ስሙስ ማን ነው ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። እናንተም አበባውንና ፍሬውን ከነገርኳችሁ ወዲህ ሳታውቁት አልቀራችሁም። እባካችሁ ለራሳችሁ ያዙት፣ ቃል በሽማግሌ ፊት ተሰጥቷል፣ ስሙ በይፋ ከተነገረ ዛፉ ይቆረጣል። ምርመራው ደግሞ አልተቋረጠም። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ፍሬው ሲበስል፣ ሸህ ኡመርና መሪጌታ ይመጣሉ። ሳህን ይቀርብላቸዋል። አንድ በአንድ ያጣጥማሉ፣ ዘሩን ያገላብጣሉ፣ ይመክራሉ፣ ሳህኑም ያልቃል። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ይነሱና፣ በጣም ያሳዝናል፣ ዘንድሮም አልታወቀም ይላሉ።